በከፊል የሚጠጣ ውሃ የለም

የጋሽ ወልዴን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ገበያ እየወረድን ሳለ በመስተዋቱ አየኝና፣ «መምህር፣ አልሰሙም እንዴ? የቧንቧው ጋሽ ወልዴ እኮ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለኝ። ቦንጋ ውስጥ ወልዴ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ «የቧንቧው» ከተባለ ግን አንድ ነው። ገበያውን ትቼ «መልሰኝ» አልኩት።

በማግስቱ ቀብር ላይ ዝናቡ አላቆመም። ጃንጥላ ለጃንጥላ ተደጋግፈን ቆመናል። ጋሽ ወልዴ ሠላሳ ዓመት ገደማ ካገለገሉበት መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ወጣት፣ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አውጥቶ የሕይወት ታሪካቸውን ማንበብ ጀመረ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጠራም፤ ቦንጋ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላው ባያውቀውም የሚቀርበት የለም። ወጣቱ እንዲህ አነበበ፦

«አቶ ወልዴ መሥሪያ ቤታቸው ባመቻቸላቸው የልምድ ልውውጥ ዕድል ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው፣ ዘመናዊ የውሃ ቴክኖሎጂ ቀስመው ከተመለሱ በኋላ፣ በመሥሪያ ቤቱ የቅርብ ድጋፍ የማንኪራን የምንጭ ውሃ ጠግነው ለአገልግሎት አብቅተዋል።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አጠገቤ የቆመው ሰው ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ነው መሰለኝ ክንዴን ያዘኝና፣ «ዛሬ ቀብር ነው፤ ተው» አለኝ። ተውኩት። ሬሳ ፊት ቆሞ መጨቃጨቅ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ግን አልወርድ አለኝ። እስከ ዛሬም አልወረደልኝም። መሥሪያ ቤቱ አልላካቸውም፤ ሊያስቀራቸው ነበር። አልደገፋቸውም፤ ቀጥቷቸዋል። እንግሊዝ አገር አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ ጀልባ ውስጥ አብሬያቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን ልናገር።

ጋሽ ወልዴ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ክረምት ከበጋ ቦቲ ጫማ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። የጃኬታቸው ኪስ ሁልጊዜ እንዳበጠ ነው። አንዱ ኪስ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ በክብ በክብ የተቆረጠ ላስቲክ፣ ሌላው ውስጥ ለቧንቧ ማሰሪያ የሚሆን ቃጫ። የሚፈስ ቧንቧ አይተው ማለፍ አይችሉም። አንዴ ሠርግ ቤት ምግብ ቀርቦላቸው ሳለ፣ ከጓሮ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰምተው ተነሡ። ሲመለሱ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ፣ የእኛ ሳህን ባዶ ሆኖ ነበር። «ምን ነካዎት ጋሼ?» ስላቸው፣ «ውሃ ቀዳዳ ሲፈልግ አይደክመውም» አሉኝ፤ «አንተ ግን ይደክምሃል። ስለዚህ ሳይደክምህ ቅደመው።»

የተማሩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ቁጣቸው ድምፅ የለውም። ሲናደዱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ሁለቴ ይመቱታል። ከዚያ መልሰው ያደርጉታል። ሦስተኛ ከመቱ ግን ይናገራሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም።

ፒተርን ያስተዋወቀን ሥራ ነው። ፒተር እንግሊዛዊ ነው፤ ረጅም፣ መላጣ፣ ዕድሜው ከጋሽ ወልዴ ጋር እኩያ የሚሆን መካኒክ። ከዓመታት በፊት በበጎ ፈቃድ ቦንጋ መጥቶ ወጣቶችን ሙያ ያስተምር ነበር። ከጋሽ ወልዴ ጋር ገጠር እየወረዱ ምንጭ ያጎለብታሉ፤ እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ስተረጉምላቸው እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላስፈለግኳቸውም። ፒተር «እሺ» እና «ትንሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይዞ፣ ጋሽ ወልዴም «ኖ» የምትል አንዲት ቃል ይዘው፣ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ቧንቧ ሲገጣጥሙ ይውላሉ። ፒተር አገሩ ገብቶ ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከማርጋሬት ጋር ቤታቸውን ሸጠው ጀልባ ገዙ። በየጊዜው ይጽፍልን ነበር፤ «ኑ፤ የእኔን ምንጭ ደግሞ ላሳያችሁ» እያለ። በመጨረሻ የትኬቱን ወጪ እሱ ችሎ የጥሪ ደብዳቤ ላከ፤ አንዱ በጋሽ ወልዴ ስም፣ አንዱ በእኔ።

ጋሽ ወልዴ ለዓመታት ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ነበራቸው። ማመልከቻ ጽፌላቸው አብረን ወደ ኃላፊው ገባን። ኃላፊው ዕድሜው ከልጆቻቸው የሚያንስ ሰው ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው» አለ። «እንግሊዝ አገር ለቧንቧ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? እንደ ተቋም ካየነው ዲግሪ ያለው ባለሙያ ቢሄድበት ነው የሚጠቅመው። እርስዎ ቋንቋውንም አይችሉም። ሰውዬውን ስም እንዲቀይር ብንጠይቀውስ?»

«የማንን ስም ያድርግ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ኃላፊው አላፈረም። «ለምሳሌ የእኔን» አለ።

ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አንዴ መቱ። ሁለቴ መቱ። አደረጉትና ወጡ። ለፒተር ደውዬ ነገርኩት። በሦስተኛው ቀን ለመሥሪያ ቤቱ አንድ አጭር ደብዳቤ ላከ፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፦ «የጠራሁት ጓደኛዬን ነው፤ ወንበር አልጠራሁም።» ፈቃዱ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ግን ኃላፊው ጋሽ ወልዴን ሰላም ብሏቸው አያውቅም።

ቪዛውም ቢሆን በመጀመሪያ ተከልክሏል። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ተንገላተን፣ ተራ ጠብቀን፣ የጣት አሻራ ሰጥተን፣ የመጣው መልስ «ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ አላሳመኑንም» የሚል ነበር። ስተረጉምላቸው መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። «እንዴት አልመለስም?» አሉ። «ጌሻ መንገድ ላይ ያለው መስመር እኮ አሁንም ያፈሳል። ለማን ትቼው ነው የምቀረው?» ያን ቀን የኮፍያቸው ምት ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ቤት ያላቸው፣ ሚስት ያላቸው፣ ከተማ ሙሉ ውሃ የሚጠብቃቸው ሰው፣ ሊሸሽ ነው ተብለው በወረቀት ተሰደቡ። በሁለተኛው ሙከራ ተፈቀደ። የመጀመሪያውን መልስ ግን እጥፍ አድርገው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም።

እንግሊዝ ደረስን። ጀልባው እንደ መርከብ ትልቅ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ርዝመቱ ከአውቶቡስ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ጋሽ ወልዴ መሃሉ ቆመው ሁለት እጃቸውን ሲዘረጉ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካ ነው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሁሉ አለው፤ ተሰልፎ እንደ ተቀመጠ ቤት። የሚሄድበት ውሃ ወንዝ አይደለም። ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአካፋ የቆፈሩት ቦይ ነው፤ ዕቃ በፈረስ እየተጎተተ በጀልባ እንዲጓዝ። ዛሬ ፈረሱ የለም፤ ፈረሱ የሚሄድበት መንገድ ግን በቦዩ ዳር አሁንም አለ።

ማርጋሬት እንደ ገባን ቡና ልታጠጣን ውሃ አፈላች፤ ከቆርቆሮ ዱቄት በማንኪያ ጨምራ አማሰለችና ሰጠችን። ጋሽ ወልዴ ቀመሱ። ካፋ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው እንግዲህ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉኝ በቀስታ።

«ቡና ነው።»

«ማነው ቡና ነው ያላት?» አሉ፤ ግን እስከ መጨረሻው ጠጡት። በማግስቱ ከሻንጣቸው አንድ ኪሎ የማንኪራ የጫካ ቡና አውጥተው ያለ ምንም ቃል ምድጃው አጠገብ አስቀመጡላት።

የጀልባው ፍጥነት የእግር ጉዞ ያህል ነው። ጋሽ ወልዴ አንድ ሰዓት ያህል ከፒተር አጠገብ ቆመው ሲነዳ አዩና፣ «በእግሬ ብሄድ እቀድማችኋለሁ» ብለው ዘለው ወረዱ። እውነትም ቀደሙን። የፈረሱን መንገድ ይዘው፣ በዝናብ፣ በቦቲ ጫማቸው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊት ከፊት ሄዱ። ማርጋሬት በዝናብ መሄዳቸው ስላሳዘናት ጃንጥላ ይዛ ልትጠራቸው ስትል፣ «ተዪያቸው፤ የካፋ ሰው ዝናብ አይፈራም» አልኳት።

የመጀመሪያው የውሃ በር ላይ ስንደርስ ቆመው ጠበቁንና ተሳፈሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቦዩ ዳገት ሲገጥመው ጀልባው ወደ አንድ ጠባብ የድንጋይ ጉድጓድ ይገባል። ከኋላው ትልቅ የእንጨት በር ይዘጋል። ከላይ በኩል ውሃ ይለቀቅና ጉድጓዱ ይሞላል፤ ጀልባውም ከውሃው ጋር ቀስ እያለ ይነሣል። ውሃው ከላዩ ቦይ እኩል ሲሆን የፊቱ በር ይከፈታል። ፒተር ላስረዳ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ወልዴ ግን እጃቸውን አነሡ፤ «ኖ» አሉት። ገብቷቸዋል። ያ ሁሉ ቶን ብረት ከእኛ ጋር ወደ ላይ ሲወጣ እያዩ እንደ ሕፃን ሳቁ። «ሞተር የለም! መብራት የለም! ውሃው ራሱ እኮ ነው የሚሸከመን!» ለብዙ ዓመት ሳውቃቸው እንደዚያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳቁ ግን አልቆየም። በሩ አጠገብ አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴት ተንበርክካ የበሩን ብረት ግራሶ ትቀባለች። ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን ግራሶው ላይ አድርገው፣ አሻሽተው፣ አሸተቱት።

«ጠይቃት እስቲ፤ ማን ነው የላካት?»

ጠየቅኳት። ማንም አልላካትም። ጡረተኛ ናት፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ከጓደኞቿ ጋር እየመጣች ይህንን በርና ከላይ ያሉትን ሁለት በሮች ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ቀለም ይቀባሉ፤ አንዳንድ ቀን ሣር ያጭዳሉ።

«በሩስ? የሁለት መቶ ዓመት እንጨት ነው?»

ፒተር ሳቀ። አይደለም፤ በሩ በሃያና በሃያ አምስት ዓመት አንዴ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። ድንጋዩ ነው የድሮው።

 ጀልባው በሩን አልፎ ብዙ ከሄደ በኋላ ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው ሦስቴ መቱ። «አየህ መምህር፣ አርጅቶ አይደለም የቆየው። እየታደሰ ነው የቆየው። እኛ ጋ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ሁሉም መኪናው ውስጥ ይገባል። በዓመቱ አንድ የላስቲክ ቀለበት ይበላል። ቀለበቱ የእጄን ጥፍር አያህልም። እሱን የሚቀይር ስለሌለ እናት ልጇን አዝላ ገደል ወርዳ ውሃ ትቀዳለች። ፕሮጀክቱ ግን ተመርቋል!» ኮፍያቸውን እንደገና መቱ። «ድህነት ነው ይሉናል። የላስቲክ ቀለበት ማጣት ምኑ ነው ድህነት?»

እንግሊዞቹንም ቢሆን ዝም ብለው አላለፏቸውም። አንድ ቦታ ቦዩ በተራራ ሆድ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። ከመግቢያው በላይ የመሐንዲሱና የኩባንያው ስም ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። «የቆፈሩት ሰዎች ስም የታለ?» አሉ። ፒተር፣ ብዙ ሰው ውስጥ እንደ ሞተ፣ ስማቸው ግን የትም እንዳልተጻፈ ነገራቸው። ጋሽ ወልዴ ድንጋዩን አሻቅበው እያዩ፣ «እዚህም ያው ነው ለካ» አሉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ አልፈን እስክንወጣ ኮፍያቸውን አላደረጉም። በእርግጥ የዚያን ጊዜ በንዴት ይሁን በአክብሮት አላውቅም።

የማልረሳው ግን አምስተኛውን ቀን ነው። ጀልባዎች ውሃ የሚሞሉበት የጋራ ቧንቧ ጋ ቆመን ነበር። ፒተርና ማርጋሬት ሱቅ ሄደዋል። ጋሽ ወልዴ ጎማውን ይዘው የጀልባውን ጋን እየሞሉ ሳለ፣ ከኋላችን የቆመ ጀልባ ባለቤት መጣና ጮኸ። ማን እንደፈቀደልን፣ የማን ጀልባ ውስጥ እንዳለን፣ ይህ ቧንቧ ለማንም መንገደኛ እንዳልሆነ ተናገረ። ስልኩንም አወጣ። ከእኛ በፊት ሁለት ሰዎች ሞልተው ሲሄዱ ቆሞ ያይ ነበር፤ እነሱን አንድ ቃል አልተናገራቸውም። እነሱ የእሱ መልክ ነበራቸው። ልመልስለት ወደ እሱ ዞርኩ። ያንን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ጥሎኝ ጠፋ።

ጋሽ ወልዴ ሰውዬውን አላዩትም። የሰውዬውን የውሃ ጎማ ነው ያዩት፤ መጋጠሚያው ላይ ተቀድዶ መሬቱን ያጨቀያል። ሄዱ፤ ቁጢጥ አሉ፤ ከኪሳቸው ላስቲክ አውጥተው ጠመጠሙ፤ በቃጫ አሰሩ፤ ፍሰቱ ቆመ። ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ «ታንክ ዩ» አለ፤ እጁንም ዘረጋ። ጋሽ ወልዴ እጁን አልጨበጡም።

«ንገረው» አሉኝ፤ «ለእሱ ብዬ አይደለም። ውሃ ሲፈስ ማየት ስለማልችል ነው። ሰው የሚያይ ዓይን እንዲሰጠው ግን እጸልይለታለሁ።»

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? «ስለረዳህ ደስ ብሎታል» አልኩት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ሄደ። ጋሽ ወልዴ ፈገግታውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ሞኝ ግን አይደሉም። «ቃሌን አሳጠርከው» ብቻ አሉኝ። ዛሬ ሳስበው ከሰውዬው ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ።

ስንመለስ ያዩትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሥለው ነበር፤ በሩን፣ ግራሶውን፣ ሴትየዋን ጭምር። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ምንጭ ሁለት የሠለጠኑ የመንደሩ ሰዎች ይኑሩት፤ መፍቻና መለዋወጫ ላስቲክ እዚያው መንደር ይቀመጥ፤ በወር አንድ ቀን ይፈተሽ። በኮምፒውተር ጻፍኩላቸውና ስብሰባ ላይ አቀረቡት። ኃላፊው ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ለሰዎቹ እያሳየ፣ «ጋሽ ወልዴ በጀልባ ተንሸራሽረው መጥተው ሴት ወይዘሮ ግራሶ ስትቀባ ሥለውልናል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። ከሳቁት ሰዎች ግማሾቹ ቤታቸው ውሃ ሲቋረጥ በእሑድ የሚጠሯቸው ጋሽ ወልዴን ነው።

የማንኪራው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንኪራ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ያለ መንደር ነው፤ ሰዉ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። የምንጭ ውሃ ከተሠራላቸው ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሠርቶ ግን ብዙ አልቆየም። በየሩብ ዓመቱ የሚሞላ ፎርም አለ። ጋሽ ወልዴ ሄደው አዩና በፎርሙ ላይ «ቆሟል» ብለው ጻፉ። ፎርሙ ተመለሰላቸው። «በከፊል አገልግሎት እየሰጠ ነው» ብለው እንዲያስተካክሉት ተነገራቸው፤ ያለዚያ የዞኑ የንጹሕ ውሃ ሽፋን ይቀንሳል ተባለ።

«በከፊል የሚጠጣ ውሃ የለም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ወይ ይጠጣል፣ ወይ አይጠጣም።»

በሳምንቱ ከመስክ ሥራ ተነሥተው መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ያንን ሁሉ ዓመት መሬት ሥር ያለ ቧንቧ በጆሯቸው ሰምተው የሚያገኙ ሰው፣ የወረቀትና የመጥረጊያ ቁልፍ ያዙ። ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ «ቅዳሜን አልወሰዱብኝም» አሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኪራ ይሄዱ ጀመር። በሚኒባስ እስከሚቻለው፣ ከዚያ በጫካው መንገድ በእግር። መስመሩን ቆፍረው አወጡ፤ የምንጩን ሳጥን ጠረጉ፤ የተበሉትን ቀለበቶች ቀየሩ። ብቻቸውን አልሠሩም። እትዬ ዘነበች የምትባል ንብ የምታረባ ባለትዳር ነበረች፤ እሷንና አንዲት ጎረቤቷን ከጎናቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን ነገር አስፈቱ፣ አስገጠሙ፣ እንደገና አስፈቱ። ወንዶቹ ዳር ቆመው ይስቁ ነበር። «ውሃ የሚቀዳው ማነው?» ብለው ጠየቋቸው ጋሽ ወልዴ።  በስድስተኛው ቅዳሜ ውሃው መጣ።

መሥሪያ ቤቱ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? «የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ነክተዋል» ብሎ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አቆማቸው! ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ መጥታ፣ «ይቅርታ በሉ በላቸው፤ አንተን ይሰሙሃል» አለችኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። «ለማነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አሉኝ። «ለቧንቧው?»

በስብሰባው ቀን ምስክር ነኝ ብዬ ገባሁ። ኃላፊው ገና መናገር ሲጀምር ደጁ ላይ ጫጫታ ሆነ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከማንኪራ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል። ጥበቃው ሊያቆማቸው አልቻለም። እትዬ ዘነበች ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ ገብታ ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀታቸው ላይ አስቀመጠችው። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው።

«እኔ አማርኛ ብዙ አልችልም» አለች። «ይሄ የማንኪራ ውሃ ነው። ጠጡ። ከጠጣችሁ በኋላ ሰውዬውን ቅጡ።»

አንድም ሰው አልጠጣም። አንድም ሰው ደግሞ ሊባረሩ ይገባል ለማለት አፍ አላገኘም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፉ። ማስጠንቀቂያ! ለሠሩት! ጋሽ ወልዴ ወረቀቱን ፈርመው ተቀበሉ፤ ለሴቶቹ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ወር ኃላፊው ካሜራ ይዞ ማንኪራ ሄደ፤ ከሚፈሰው ውሃ ጋር ፎቶ ተነሣ። ጋሽ ወልዴ አልተጠሩም። ለፎቶው የተሰቀለውን ባነር ከመጋዘን አውጥተው የሰጡት ግን እሳቸው ናቸው።

ጡረታ ወጥተው ብዙም አልቆዩም። ጉበታቸውን ታመሙ። አልጋ ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ መሥሪያ ቤቱ አንድም ቀን አላነሡብኝም። የሚያወሩት ስለ ፒተር ነበር፤ ስለዚያ ሁሉ ቶን ብረት ወደ ላይ መውጣት ነበር። እኔ ስናደድላቸው፣ «አንተ ቁጣህ ዘግይቶ ነው የሚመጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለፒተር ደውዬ ማረፋቸውን ስነግረው በሚያውቃት አማርኛ «እሺ» አለ፤ ሌላ ቃል አላገኘም።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ ማንኪራ ሄድኩ። በዝናቡ መሬት ተንሸራትቶ ዋናውን ቧንቧ ሰብሮት ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ውሃው ይፈስሳል፤ ሴቶች ተሰልፈው ይቀዳሉ። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ወጣት ባለሙያ ፎርም ይዞ ቆሟል። እትዬ ዘነበች እጇ እስከ ክርን ጭቃ ነው።

«መቼ ተሰበረ?» አላት።

«ማክሰኞ።»

«መቼ ተጠገነ?»

«ረቡዕ።»

ጻፈ። «ጠጋኝ» በሚለው ሳጥን ላይ እስክሪብቶው ቆመ። «እዚህ ጋ እንግዲህ ‘በጽሕፈት ቤቱ ድጋፍ’ እንላለን» አለ፤ ክፋት የለበትም፤ የተማረው እንደዚያ ነው።

አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዘነበች ቀደመችኝ። ወደ እሱ ተጠጋች። በጭቃማው ጣቷ ባዶውን ሳጥን ነካችው።

«‘እኛ’ ብለህ ጻፍ» አለችው።

«እትዬ፣ ‘እኛ’ የሚል አይገባም፤ ተቋም ነው የሚጻፈው…»

«ስም ትፈልጋለህ? ዘነበች። ጎረቤቴን ጥራ፣ የሷንም ትነግርሃለች። ጻፍ።»

 ወጣቱ ወደ እኔ አየ፤ የከተማ ሰው ስለሆንኩ እንዳግዘው። «ስሟን ጻፍ እንጂ» አልኩት። እስክሪብቶውን ጫነ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አደረገችው፤ እስኪጨርስም ከፊቱ አልተነቃነቀችም።